እስከ ሦስት መቁጠር ለሚችል ዳኛ

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ዳኞቻቸውን ከማመዛዘን ጣጣ ስለገላገሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ቀድሞ ምስኪኑ ዳኛ ምን ተሰረቀ፣ ማን ሰረቀ፣ ለምን ሰረቀ እያለ ራሱን ሲያዞር ይውል ነበር። «ሦስቴ ከሳትክ ወጣህ» የሚለው የቤዝቦል ደንብ ችሎት ሲገባ ግን ሥራው ቀለለ። ቀድሞ ሁለት ከባድ ወንጀል ያለበት ሰው ሦስተኛው ጥፋቱ «ፌሎኒ» (ከተራ ጥፋት ከፍ ያለ የወንጀል ደረጃ) ይባል እንጂ፣ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይከናነብ ነበር። ጊዜው የምርጫ ዓመት መሆኑ፣ መቼም፣ አጋጣሚ ነው።

ሕጉ ጉልበቱን ያሳየው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1995 አንድ የሄሮይን ሱሰኛ ከሁለት መደብሮች ዘጠኝ የቪዲዮ ካሴት ሰረቀ፤ ስኖው ዋይት፣ ሲንደሬላ፣ ባትማን፣ የመሳሰሉትን። ዋጋቸው ሲደመር 153 ዶላር ከ54 ሳንቲም። ተራ ስርቆት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፦ በስርቆት ተቀጥቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሲሰርቅ፣ ዐቃቤ ሕግ ካሻው ያኔ ፌሎኒ ያደርገው ነበር። መደብሩ ሁለት ስለሆነ ቅጣቱም ሁለት ጊዜ 25 ሆነ። ለአንድ ካሴት አምስት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ሰውየው ሲፈረድበት 37 ዓመቱ ነበር፤ በፍርዱ መሠረት ልቀቁኝ ብሎ ማመልከት የሚችለው በ87 ዓመቱ ነበር። ያኔ የካሴት ማጫወቻ ከየት እንደሚያገኝ ግን ሕጉ አልደነገገም።

እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኤል ሴጉንዶ ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ሰው እያንዳንዳቸው 399 ዶላር የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ ዱላዎች ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ እያነከሰ ሲወጣ ተያዘ። እሱ ያገኘው 25 ብቻ ነው። ሌቦች ሆይ፣ ምክሬን ስሙ፦ ውድ ውዱን፣ ከአንድ ሱቅ ብቻ! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ሁለቱንም ቅጣቶች በአንድ ቀን፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አጽንቷል።

በ2012 ሕጉን ያለዘበው ምክር ቤቱ ሳይሆን መራጩ ሕዝብ ነው፤ ሦስተኛውም ወንጀል ባመዛኙ ከባድ ይሁን አለ። ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 36 ነበር። በ2024 ሌላ ቁጥር 36 ቀርቦ፣ ሁለቴ በስርቆት የተቀጣ ሰው ለሦስተኛው፣ የሰረቀው የቱንም ያህል ቢያንስ፣ በፌሎኒ እንዲከሰስ ያው ሕዝብ ፈቀደ። ጣሪያው ግን 3 ዓመት ነው። የ1994ቱ ጀግኖች ይህን ሲሰሙ ምን ዓይነት ልፍስፍስ ትውልድ ተካን ሳይሉ አይቀሩም።