ጋሼ፣ በመጋቢት አይምጡብኝ

ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ወረዳ

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ፤

የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? «እቁቡ ደርሶኛል፤ የጃፓንን አበባ ሳላይ አልሞትም፤ እኔና እትዬህ በመጋቢት እንመጣለን፤ አንተ ርካሽ ሆቴል ብቻ ፈልግ» ብለው የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ደስታዬ ወሰን የለውም። ነገር ግን ጋሼ፣ በዚያች አጭር መልእክት ውስጥ «መጋቢት» እና «ርካሽ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ እዚህ አገር አይተዋወቁም።

እርስዎ ዕድሜዎን መርካቶ የጨረሱ ሰው ነዎት። አንድ ጣቃ ጨርቅ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ከሱቅ እንደሚወጡና ሦስቴም ተጠርተው እንደሚመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ከሱቅ ቢወጡ የሚጠራዎት የለም። ሻጩ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ አመስግኖ ይሸኝዎታል፤ በዚያው ቀሩ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ቢሉት ካልኩሌተሩን አውጥቶ ያንኑ ዋጋ እንደገና ይጽፍልዎታል፤ ቁጥሩ በደንብ ያልታየዎት መስሎት። እዚህ የሚከራከሩት ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነው። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ነጠላ ጫማ በመጋቢት ማለቂያ ሲያቃጥል በየካቲት ይበርዳል። ለቅዳሜ ማታ ከሚይዙት ለእሑድ ማታ ሲይዙት ይረክሳል። የመርካቶ ችሎታዎን አሟጠው ቀን ላይ ብቻ ያውሉት።

የቼሪው አበባ ቶኪዮ ውስጥ የሚፈካው አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለው ውስጥ ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ያሱኩኒ በሚባለው መቅደስ ግቢ ውስጥ የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ለመለኪያ የመረጠው አንድ ዛፍ አለ። ወቅቱ ሲቃረብ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሱፉን ለብሶ ይመጣና አንገቱን ቀና አድርጎ ቅርንጫፉን ይመረምራል። ጋዜጠኛው ካሜራውን ደግኖ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። አምስት ወይም ስድስት አበባ ከተቆጠረ «በቶኪዮ አበባው ፈክቷል» ተብሎ መግለጫ ይሰጣል፤ አገሩ በሙሉ ይህንኑ በዜና ይሰማል። አራት ከሆነ መግለጫ የለም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄድና በማግስቱ ይመለሳል። መግለጫው ከተሰጠ በኋላ ሙሉ ለሙሉ እስኪፈካ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ጠንከር ያለ ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ የረገፈውን ረግጠው ይመለሳሉ እንጂ ዛፍ ላይ አበባ አያዩም። እርስዎ ደግሞ ቲኬት የሚቆርጡት ከወራት በፊት ነው!

ቢሳካልዎትስ? ኡዌኖ መናፈሻ ይሄዳሉ። ኩባንያዎች በዚያ ሰሞን አዲስ የቀጠሩትን ልጅ ሰማያዊ ሸራ አሸክመው በጠዋት ይልኩታል። ዛፍ ሥር ሸራውን ያነጥፋል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ አለቆቹ ከሥራ ወጥተው እስኪመጡ ቁጭ ብሎ ቦታ ይጠብቃል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ልጅ! እርስዎ ሸራ የሚጠብቅልዎት ሰው ስለሌለዎት ያ ሰው እኔ መሆኔ ነው።

ቀኑን ቶሎ እንድንቆርጥ የሚያስገድደን ሌላም ነገር አለ። ቪዛው። ከእኔ የሚጠበቀው የግብዣ ምክንያት፣ የዋስትና ደብዳቤና የቆይታ መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ ላይ ቀን በቀን የት እንደሚውሉና የት እንደሚያድሩ ይሞላል። ጋሼ፣ እርስዎ በጠዋት «ደርሼ መጣሁ» ብለው ወጥተው ለእራት የሚደርሱ ሰው ነዎት። እትዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ያላገኙትን መረጃ አሁን እኔ ለጃፓን መንግሥት በጽሑፍ ላቀርብ ነው። በዋስትናው ላይ ደግሞ ለሦስት ነገር እፈርማለሁ፤ ለወጪዎ፣ ለመመለሻ ቲኬትዎና ሕግ ለማክበርዎ። ሁለቱን አልፈራም። በሦስተኛው ላይ አንድ ቃል እንዲገቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት ሕግ ባይከለክለውም ትልቅ ነውር ነው። እርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ ሰው ሲያወሩ ስልኩ ባይኖርም የሚሰማዎት ይመስለኛል።

እንግዲህ ቀን እንምረጥ። ጃፓኖች ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ ይከርሙና ሦስት ጊዜ በአንድ ላይ ከቤታቸው ይነቀላሉ። አንደኛው ጎልደን ዊክ የሚሉት ነው፤ ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ባለው ውስጥ በዓላት ተደርድረዋል። ሁለተኛው ኦቦን ነው፤ ሙታናቸውን ለማሰብ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት ማለቂያ ላይ ወደየትውልድ ቀያቸው ይጎርፋሉ። ሦስተኛው የነሱ አዲስ ዓመት፣ ከታኅሣሥ 20 እስከ 25። በነዚህ ቀናት ፈጣኑ ባቡር ይጠባል፣ ሆቴል እሳት ይሆናል። በአዲስ ዓመት ደግሞ ብዙ ሱቅና ሙዚየም ይዘጋል፤ ውድ ዋጋ ከፍለው የተቆለፈ በር ይጎበኛሉ። ነሐሴው ፍልሰታ ስለሆነ እኛን አያሳስበንም።

ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ዝናብ ነው። ከእኛ ክረምት ሸሽተው የነሱ ክረምት ውስጥ መግባት ካልፈለጉ በቀር አልመክርም። ከዝናቡ በኋላ የሚመጣው ግን ይብሳል፤ 35 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት፣ ያውም ከወበቅ ጋር። ይህን የምለው በራሴ አፍ ብቻ አይደለም፤ አበበ ቢቂላን ምስክር እጠራለሁ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚህ ቶኪዮ የኦሊምፒኩን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያሸነፈው መቼ ነበር? ጥቅምት 11 ቀን 1957። አዘጋጆቹ የሙቀቱን ወራትና የመስከረሙን ታይፉን ፈርተው ነው ኦሊምፒኩን ወደ ጥቅምት የገፉት። በ2013ቱ ኦሊምፒክ ግን ጨዋታው ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ማራቶኑን ከቶኪዮ ሙቀት ለማሸሽ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ አርቀው ሳፖሮ ወሰዱት። የዓለም ሯጭ የሸሸውን ፀሐይ እርስዎ በዚያ ከረባትዎ ይችሉታል? አበበ የዞረበት ቦታ ቾፉ በሚባል ከተማ መታሰቢያ ቆሞለታል። እወስድዎታለሁ፤ መግቢያ አይጠየቅም።

የኅዳር ቅጠልስ ካሉኝ፣ የኪዮቶ ዛፎች በዚያን ጊዜ ደም መስለው ይቀላሉ፤ እውነትም ያምራል። ሕዝቡ ግን ከመጋቢቱ አያንስም። ከኅዳር 15 ወዲያ ደግሞ ጾም ነው። እዚህ አገር ጾም የሚያስቸግረው ሥጋው አይደለም፤ እሱን አይቶ መተው ይቻላል። ካትሱኦ የሚባል ዓሣ አድርቀውና አጢሰው፣ ከአናጢ መላጊያ ሥር እንደሚወጣ ፍቅፋቂ አሳስተው ይልጡትና መረቁን ያወጡበታል። ያ መረቅ የሌለበት ነገር የለም። በሾርባው አለ፣ በኑድሉ አለ፣ ምንም የሌለበት የሚመስለው የተቀቀለ ጎመንም ውስጥ አለ። «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም» የሚለውን የእርስዎንና የእትዬን ክርክር በየምግብ ቤቱ ከሳህን ሳህን ልዳኝ አልችልም።

ስለዚህ ያገኘሁት ቀን የካቲት ነው። የሚመጣው ዓቢይ ጾም ዘግይቶ ከገባ ፍስኩ ይበቃናል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ይለፍ፤ እሱ ሲውል እዚህም ሆቴል ይሞላል። የካቲት 4 እና የካቲት 16 የጃፓን በዓላት ናቸው፤ በመካከላቸው ብትገቡ ለሁለታችሁም ለኪሳችሁም ሰላም ነው። ለዓድዋ በዓል ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።

ይበርዳል፤ አልዋሽም። ቀን 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ግን «የደብረ ብርሃንን ውርጭ በነጠላ አሳልፌያለሁ» የሚሉት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ይመስክሩ። ደግሞም የቶኪዮ ብርድ ደረቅና ፀሐያማ ነው። በሙቀቱ ወራት በጭጋግ የሚጋረደው የፉጂ ተራራ በብርዱ ወራት ጥርት ብሎ ይታያል። ሺንጁኩ የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ ላይ፣ 202 ሜትር ከፍታ፣ በነፃ ያወጡዎታል። ጠዋት ቀድመን ከወጣን ተራራውን ከዚያ እናየዋለን። ለፎቁም ለተራራውም ሳንቲም አይከፍሉም።

አበባውስ? ያንንም አስቤያለሁ። ከቶኪዮ በስተደቡብ ምዕራብ ኢዙ በሚባለው ልሳነ ምድር ካዋዙ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዚያ አበባ የራሱ ዝርያ ነው፤ ቀለሙ ደመቅ ያለ ሮዝ ሲሆን ከሌላው ቀድሞ በየካቲት ይፈካል፤ እንደ ቶኪዮው በቀናት ስለማይረግፍም ሳምንታት ይቆያል። ወንዙን ተከትሎ ነው የተተከለው። በዝግተኛው ባቡር እያቆራረጥን ከሄድን ርካሽ ነው፤ እትዬ መስኮት ዳር ባሕሩን እያዩ ይሄዳሉ። ያ ሰሞን እዚያም ሰው አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን አንሄድም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፦ የን ረክሷል ብለው እዚያ ደስ እንደተሰኙ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ በ2016 ክረምት 1 ዶላር ከ160 የን በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ክረምት ብራችንም እንዴት እንደረከሰች እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራለትን የባቡር ፓስ ይርሱት። የ7 ቀኑ 29,650 የን የነበረው በመስከረም 2016 በአንዴ 50,000 ገብቷል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር መሄጃው 14,000 ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከፓሱ በብዙ ያንሳል። የሌሊት አውቶቡስ ከዚያም ይረክሳል፣ ግን የእትዬን ጉልበት አስቤ ሳልጠይቅ ሰርዤዋለሁ። ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያም ፈጣኑን ትተን ተራውን ባቡር እንይዛለን፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። እኔ ጋ እንዳላሳድራችሁ ቤቴ ስድስት ታታሚ ነው፤ ሁለታችሁ ከተኛችሁ እኔ ቆሜ ነው የማድረው።

ምግቡ ላይ ግን እርስዎን የሚያስደስት ነገር ይዤያለሁ። ሱፐርማርኬት ማታ ሊዘጋ ሲቃረብ የተዘጋጀ ምግብ ላይ ዋጋ ይቀንሳል። በኛ ሰፈር እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ሽርጥ የለበሰ ሠራተኛ የወረቀት መለጠፊያ ይዞ ከጓዳ ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት ባዶ የነበረው መተላለፊያ በሰው ይሞላል። ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይናገርም። አንዷ እናት የሰናፍጭ ጠርሙስ አንሥታ ጽሑፉን ታነባለች፤ ያንኑ ጠርሙስ ትናንትም አንብባዋለች። አንዱ ሽማግሌ ቶፉ ይመርጣል። ሠራተኛው የተጠበሰ ዓሣው ላይ «ግማሽ ዋጋ» የሚለውን ጠቅ አድርጎ እጁን ሲያነሣ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ ዕቃውን ወስዶታል። ፊታቸውን ቢያዩ ግን የሚቸኩል ሰው የለም። ጋሼ፣ እዚያ መተላለፊያ ላይ እርስዎን ለማየት ጓጉቻለሁ። ብቻ ሠራተኛውን «ሁለት ወረቀት ለጥፍበት» እንዳይሉት።

ምግብ ቤት ከገባን ውሃው በነፃ ነው፣ ቲፕ የለም። ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ቢተዉላት አስተናጋጇ ረስተውት ነው ብላ እየሮጠች መንገድ ላይ ትደርስብዎታለች። ሳህን ሙሉ ሩዝ ከሥጋ ጋር በ500 የን አካባቢ ይበላል። እንጀራም አይቸግረን፤ እዚህ ካትሱሺካ ሐበሻ አይጠፋም።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ሽሮና በርበሬ አይረሳ። ቋንጣ ግን አደራ! ሥጋ ወደዚህ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 3 ሚሊዮን የን ወይም እስራት ይደርሳል። ናሪታ ላይ ሻንጣ የሚያሸቱ ውሾች አሉ፤ የእትዬን ቋንጣ ደግሞ ውሻ ቀርቶ እኔም ከዚህ ሆኜ ይሸተኛል። የዋስትናው ሦስተኛ መስመር ላይ የምፈርመው እኔ መሆኔን ያስታውሱ።

ፓስፖርትዎ የሚያበቃበትን ቀን አይተው ይንገሩኝ፤ እቁቡንም መኪና መለዋወጫ ላይ እንዳታውሉት።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ

ማስታወሻ፦ እትዬ ትናንት ማታ ደውለው ነበር። የመርሐ ግብሩ አንድ ቅጂ እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል፤ ከኤምባሲው በፊት ለሳቸው ልኬአለሁ።