አመለካከታቸው ስለ ጎደለ ደቀ መዛሙርት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ደጆች ተዘግተው፣ ሰንብቶም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ወላጆቹ ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ በዘመነ መቅሠፍቱ ከታሰበው ጥበብ ሁሉ በአንክሮ ልንመለከተው የሚገባን፣ ሊቃውንቶቻችን ተማሪው ስለ ኦንላይን ትምህርት ያለውን አመለካከት በዚያው በኦንላይን መጠይቅ መመርመራቸው ነው። ወንዝ የተሻገሩትን ብቻ በማዶ ሰብስቦ «ለመሆኑ ወንዙ ሞልቶ ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ፍርዱ ምንኛ ፈጣን ነው! ሙላቱ የወሰደው ምስክር አይቀርብበት፣ ይግባኝ አይልበት።

ከመጠይቁም ወዲያ ተማሪው «ተነሣሽነት ይጎድለዋል» የሚል ብያኔ ሲወጣ፣ እኔም አሜን ብዬ እቀበላለሁ። ከአሰላ ወዲያ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በጉም በተጠቀለለው በጭላሎ ግርጌ፣ ቀን ከአባቱ ጋር የገብስ ማሳ ሲያርስ የዋለ የገበሬ ልጅ፣ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ኔትወርክ ይገኝበታል ወደሚባለው ጉብታ ወጥቶ፣ እናቱ እንቁላል ሸጣ በሰጠችው ብር ፓኬጅ ገዝቶ፣ መምህሩ በቴሌግራም የወረወረለትን ፒዲኤፍ ሲያወርድ እኩሌታው ላይ ዳታው ቢያልቅበትና ለሥልጣኔ ያለው ፍቅር በመጠኑ ቢቀዘቅዝ፣ ይህ የአመለካከት ጉድለት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የጥንቱ የቆሎ ተማሪ እንኳ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየደጁ ቁራሽ ያገኝ ነበር፤ ይኸኛው ሰማዩን ቢለምን አንዲት መስመር ብልጭ ብላለት ትጠፋለች።

ወቀሳ እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ ለትምህርት መሮጥስ በአርሲ አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ልዩነቱ፣ ኃይሌ ሮጦ ሲደርስ ትምህርት ቤቱን በቦታው ቆሞ ያገኘዋል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። እንግዲህ እናንተ አመለካከት መዛኞች፣ በእነዚያ ቀኖች ከጭላሎ ግርጌ አንዲት የቅሬታ ቃል እንኳ በኦንላይን አለመድረሷን እንደ ፍጹም ስምምነት መዝግቡልን።