ቤት ያጣው ፈረስ

በባንክም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ተደጋግሞ ከሚሰማው ነገር አንዱ «ሲስተም የለም» ነው። ባለጉዳዩ ጥፋቱን ለመብራት ወይም ለኔትወርክ ይሰጥና ወንበሩ ላይ ይመቻቻል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። አንዳንዴ ግን መብራቱም አለ፣ ኔትወርኩም አለ፤ የጠፋችው አንድ ፋይል ውስጥ ሳትጻፍ የቀረች ምልክት ናት።

ይህን በፈረስ ቤት ከተማ ስም ማስረዳት ይቀላል። አንድ የደጋ ዳሞት ልጅ ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሚሆን የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ እየሠራ ነው እንበል። ገጹ ላይ የሚታዩት ቃላት ከኮዱ ተለይተው በራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ፤ ቋንቋው ሲለወጥ የሚለወጠው ፋይሉ ብቻ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ፕሮፐርቲስ ፋይል ይሉታል። በየመስመሩ በግራ መጠሪያው፣ በቀኝ መልሱ፣ መሐላቸው የእኩል ይሆናል ምልክት። ልጁም ከተማውን በግራ፣ ወረዳውን በቀኝ እያደረገ ይደረድራል፦ ጅጋ = ጃቢ ጠህናን፣ ሽንዲ = ወንበርማ፣ ፈረስ ቤት = ደጋ ዳሞት።

ገጹን ሲከፍት ጅጋ ቦታው ላይ ነው። ሽንዲም ደኅና ነው፣ ቡሬም ደኅና ነው፣ ደንበጫም እንዲሁ። የገዛ አገሩ ላይ ሲደርስ ግን ገጹ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት አሰልፎ «???ፈረስ ቤት???» ይለዋል። (የአዲስ አበባ ሰው ይህን ስህተት ነው ላይል ይችላል፤ ፈረስ ቤት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ ነውና።) የዞኑ ከተማ ፍኖተ ሰላምም ያው የጥያቄ ምልክት ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

ልጁ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ ካሹን ያጸዳል፣ ብሮውዘር ይቀይራል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ምክንያቱ ግን በፋይሉ ደንብ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። መጠሪያው የሚያልቀው በእኩል ይሆናል ምልክት፣ በሁለት ነጥብ ወይም በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው፤ ቀድሞ የተገኘው ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጃቫ «ፈረስ» ላይ ሲደርስ መጠሪያው አለቀ አለና የቀረውን «ቤት = ደጋ ዳሞት» በሙሉ መልስ አደረገው። መዝገቡ ውስጥ አሁን ያለው ቤቱን የተቀማ ፈረስ ነው። መድኃኒቱ ከባዶው ቦታ ፊት አንዲት ባክስላሽ ማስቀመጥ ነው፤ «ፈረስ\ ቤት» ሲባል ጃቫ ሁለቱን አይለያቸውም።

በዚያው ሌሊት አጎቱ ከአገር ቤት ቢደውሉ ደግሞ ወሬው እንዲህ ይሆናል።

«ምነው ድምፅህ ደከመ? አልተኛህም እንዴ?»

«ባዶ ቦታ ስፈልግ አመሸሁ ጋሼ።»

«ወይ አንተ ልጅ! በዚህ ዘመን ባዶ ቦታ ከወዴት ተገኝቶ? ያለውንም ባሕር ዛፍ ጨርሶታል።»

የፈረስ ቤት መልስ ተበላሽቶም ቢሆን ቢያንስ መዝገቡ ውስጥ አለ። የባሰው የደብሮቹ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦርና ደብረ ብርሃን በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመራቸው ቢጻፉ ሦስቱም መጠሪያቸው «ደብረ» ላይ ይቆረጣል። አንድ መጠሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጣ ደግሞ የመጨረሻው ያሸንፋል፤ ስህተት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሎግ ላይም አይጻፍም። ደብረ ብርሃን ከታች ከተጻፈ ሁለቱን ድምፅ ሳያሰማ ይውጣቸዋል ማለት ነው። ጎጃምና ጎንደር በአንድ ባዶ ቦታ ምክንያት ለሸዋ ተሰጡ ቢባል ነገሩ ፖለቲካ ይመስላል፤ ግን የጃቫ ደንብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ልጁ እዚህ ችግር ላይ እንኳ አይደርስም ነበር። የግዕዝ ፊደል የየቋንቋውን ፊደል በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ ጃቫ ግን እስከ 8ኛው ዕትሙ ድረስ እነዚህን የቋንቋ ፋይሎች በላቲን ፊደል ሥርዓት ያነብ ነበር። አማርኛው በቀጥታ ከተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ቦታ ይበተናል፤ የመጀመሪያዋም ሁልጊዜ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ናት። ይህን ለማምለጥ ፊደሉ በዩኒኮድ ቁጥሩ ይጻፍ ነበር፦ ፈረስ 1348፣ 1228፣ 1235፤ ቤት 1264፣ 1275፤ ከየቁጥሩ ፊት ባክስላሽና ዩ የምትባል ፊደል። የስልክ ማውጫ የሚመስል ፋይል ውስጥ የአማርኛ ግድፈት ያረመ ሰው ጡረታ ይገባዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 9 ፋይሎቹን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ማንበብ ጀመረና ያ ጣጣ ቀረ።

የኪቦርዱ ጣጣ ግን አልቀረም። የማዋቀሪያ ፋይል እያረመ ሳለ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የዘነጋ ሰው በኮማ ፈንታ «፣» ያስገባል። ለአንባቢ ያው ነው፤ ጄሰን በሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ባዕድ ነገር ነውና ፕሮግራሙ መስመሩን ጠቅሶ አላነብም ይላል። «ፍኖተ ሠላም» እና «ፍኖተ ሰላም» ለጎጃሜው አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ሠላም» በ1220፣ «ሰላም» በ1230 የሚጀምሩ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ቪዥዋል ግዕዝን በመሰለ የቀድሞ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ተገልብጦ ከመጣማ ጉድ ነው፤ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ መልክ የተሣለበት ስለሆነ ፋይሉ ውስጥ ሲገባ መልኩን ጥሎ ላቲኑን ብቻ ይዞ ይቀራል።

የፋይሉ ስምም ያጣላል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ልዩነት የላቸውም፤ በሊነክስ ሰርቨር ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው የፕሮግራመሮች መሐላ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከፊደሉ ሌላ የዘመን አቆጣጠራችንም ጣጣ አለው፤ እሱን ግን በደንብ የያዙት አሉ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራው የጤና መረጃ ሲስተም፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ማስተካከያው ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንደ አንድ ምርጫ ያቀርባል። ምርጫው ለመላው ሲስተም አንድ ነው፤ አንዱ ጤና ጣቢያ በጳጉሜን፣ ሌላው በሴፕቴምበር ልሥራ ማለት አይችልም።

ሰዓቱ ግን አሁንም ወጥመድ ነው። ዓለም በሚጠቀምበት የሰዓት ክልል መዝገብ የአዲስ አበባ ሰዓት ከናይሮቢ ጋር ተያይዟል፤ ማዋቀሪያው ላይ አዲስ አበባ ተብሎ ቢጻፍም የሚነበበው የናይሮቢ ነው። በዚህ እንኳ ጉዳት የለም፣ ሰዓታችን አንድ ነውና። ጉዳቱ የሚመጣው ባለሙያው፣ ሰው በማይኖርበት በሌሊቱ 8 ሰዓት ሰርቨሩ በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ፈልጎ ማዋቀሪያው ላይ 8 ብሎ ሲጽፍ ነው። የሰርቨሩ 8 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ ወረፋውም በሩ ላይ ሲሰለፍ ሰርቨሩ ይጠፋል። ሎጉ ቢመረመር አንድም ስህተት አይገኝበትም፤ በታዘዘው ሰዓት ጠፍቶ በታዘዘው መንገድ መነሣቱን በእንግሊዝኛ ይመሰክራል።