«አላየሁትም፤ ግን ይደብራል»

ወዳጄ ባለፈው እሑድ ከማኪያቶው ቀና አለና «ዘ ብሩታሊስት» የተባለውን ፊልም በሦስት ቃል ገላገለን፦ «ርዝመት ብቻ ነው!» ፊልሙ 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይፈጃል። የወዳጄ ፍርድ ግን ስኳሩ እስኪሟሟ እንኳ አላስጠበቀም።

እኔም በየዋህነት «አይተኸዋል እንዴ?» አልኩት።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ሰው ፊት ደመወዙን የጠየቅሁት ይመስል እሱም አፈረልኝ። ከዚያ ለልጁ እንደሚያስረዳ አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይደብራል እያልኩህ ለምን ብዬ አየዋለሁ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የሚደብር ፊልም አይታይም፤ ያላየው ፊልም ደግሞ ባይደብር ኖሮ ያየው ነበር። እንደ መሶብና ክዳኑ ልክክ ያለ ነገር ነው፤ ጣት ማስገቢያ የለውም። ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ብቻ ልነግረው ቻልኩ፦ ዳይሬክተሩ ብራዲ ኮርቤት መሃሉ ላይ ሆን ብሎ ያስገባት የ15 ደቂቃ እረፍት አለች። ይሄኔ ፊቱ በራ። «እሷ አሪፍ ናት» አለ። ከዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ አንድም ሰው የማይተውንበትን ክፍል መርጦ ያደነቀ ሐያሲ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ እንዳትሉ፤ የአባቶቻችን ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙን ያወጣው ሰው ውስጥ ገብቶ ያየ አይመስለኝም፤ ያየማ በማግሥቱ ጎረቤቱን አስከትሎ ይመለስ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ትችታችን ፊልማችንን በብዙ አሥርት ዓመታት ይቀድመዋል ማለት ነው። ሌላው ሀገር መጀመሪያ ሠርቶ፣ ከዚያ አይቶ፣ ከዚያ ይተቻል። እኛ ጊዜ ቆጣቢዎች ነን። ያላዩት አገር አይናፍቅም ቢባልም ያላዩትን ፊልም መተቸት የከለከለ ተረት የለም።

ወዳጄ ግን ያለ ማስረጃ አይፈርድም፤ ስሙን የሚያጠፉ ሰዎች ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ማስታወቂያውን ያያል፤ እስከ መጨረሻው ካየው ትልቅ ፊልም ነው ማለት ነው። ከዚያ ቲክቶክ ላይ «ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰውዬ እናያለን» የሚል ተራኪ አለ፤ የሁለት ሰዓቱን ታሪክ ሳይተነፍስ በአራት ደቂቃ ይጨርስለታል። በዚህ ትረካ ውስጥ ስም የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ወይ «ሰውየው» ነው ወይ «ልጅቷ»። ሰውየው ልጅቷን ይወዳታል፤ ሌላው ሰውዬ ደግሞ ሰውየውን ይገድለዋል። ወዳጄ የስንቱን ፊልም ገዳይ በስም ባይሆንም በመልክ ያውቀዋል። ለምን እንደገደለ ግን አያውቅም፤ ተራኪው እዚያ ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም።

ይህም ካልተገኘ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቱ ልጅ አለችለት። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ልጆቿ እየጎተቱ «ዱን» ክፍል ሁለትን ሊያሳዩዋት ወሰዷት። ወንበሩ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ነበርና እንቅልፍ ወሰዳት። ደውላ ይህንኑ ነገረችው። «አሜሪካ ሰዉ እየተኛበት ነው» የሚለው ዜና አዲስ አበባ የገባው በዚያው ቀን ነው። ልጅቷ ስንት ሰዓት ሠርታ እንደመጣች የጠየቀ የለም፤ የጠየቀም ቢኖር ሐያሲ አይባልም።

ከሁሉ ግን ክብሩን የገለጠው በ«ኦፐንሃይመር» ነው። ክሪስቶፈር ኖላን ይህን ፊልም በ2023 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ለትልቁ አይማክስ ስክሪን የታተመው ጥቅል ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነበር። ከመገናኛ ፒያሳ አድርሶ ቢመልሱት ይተርፋል። ወዳጄ ይህን 18 ኪሎ ሜትር በመዳፉ ላይ አየው፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ። በሌላው ጆሮው ረዳቱ «ሂሳብ!» ይለዋል። ፋይሉ ከቴሌግራም የመጣ ነው፤ የሆነ ሀገር የሆነ ሲኒማ ቤት ውስጥ አንድ ደፋር ከጃኬቱ ስር የቀዳው።

ያም ሆኖ በማግሥቱ የሰጠን ትንተና የሚናቅ አልነበረም። «ቀረጻው ጨለማ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የደፋሩ ጃኬት ጥቁር ነበር። «ድምፁ ይስተጋባል» አለ። ይህም እውነት ነው። ከዚያ ግን ድምፁን ለወጠና፣ «የገረመኝ ያ በመሃል በመሃል ከታች የሚነሳው ጥቁር ጥላ ነው። ጭንቅላት ይመስላል፤ ይነሳል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። እኔ ሞትን ነው ያየሁበት» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ተመልካች ይህን ያህል የጠለቀ ትርጓሜ ያገኘበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻ ብይኑ «ሦስት ሰዓት አስቀምጠው አንዴ ብቻ ነው የሚያፈነዱልህ» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሰውዬው ሳያውቀው የረገጠው ቁም ነገር አለና። ፊልሙ ሐምሌ 1945 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የተደረገውን ሙከራ ያሳያል እንጂ ሂሮሺማንና ናጋሳኪን አያሳይም። ይህ ትክክል ነው ወይስ ሽሽት የሚለው ጉዳይ ብዙ ሰው አከራክሯል። አንዱ ወገን ካሜራው ከሳይንቲስቱ ኅሊና ስላልወጣ እሱ በዓይኑ ያላየውን እኛም አናይም ይላል። ሌላው ደግሞ የተቃጠሉት ሰዎች ፊት ለምን ተነፈገን ይላል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ የሰውየው ጆሮ ድንገት ጸጥ የሚልበት ትዕይንት ለእኔ ከሌላ ፍንዳታ ይበልጣል። ይህን ለወዳጄ ላስረዳው ሞክሬ ነበር። «የትኛው አዳራሽ?» አለኝ። ለካ እዚያ ላይ ወራጅ አለ ብሎ ነበር። ሁለተኛውን አጋማሽም አልፎታል፤ ምክንያቱም «ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ መሥሪያ ቤትም አለኝ»።

የወዳጄ የትችት ሕገ መንግሥት አጭር ነው፤ አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፦ አክተሩ ማነው? የቪዲዮ ቤት ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም፤ አክተር ማለት የማይሞተው ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ «ኮማንዶ»ን በላብ ተጠምቀን ባየንበት ዘመን «ዞር በል፣ ከኋላህ ነው!» ብለን እንጮህ ነበር። አርኖልድም ይሰማን ነበር፤ ይዞራል። ያ ጩኸት፣ አሁን ሳስበው፣ ከማኪያቶው ጠረጴዛ ትችት የከበረ ነው። ቢያንስ ፊልሙ ፊት ተቀምጠን ነበር የምንሳሳተው።

ወዳጄ ይህን አንቀጽ ይዞ በማርቲን ስኮርሴዚ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ላይ ሲዘምት ችግር ገጠመው። ታሪኩ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ለነዳጅ ሀብታቸው ሲባል የተገደሉት የኦሴጅ ሰዎች ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው ሰው ሚስቱን ይወዳል፣ እየወደደ ደግሞ መድኃኒቷ ውስጥ መርዝ ይጨምራል። «ታዲያ አክተሩ ራሱ ወንበዴው ነው?» አለ ወዳጄ። አዎ። «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ፊልሙ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ እንደሆነ ልነግረው ስል አስተናጋጇን ጠርቶ ሂሳብ አዘዘ። ሕገ መንግሥቱ የተጣሰበት ዜጋ ምን ያድርግ?

«ፍሎው» ላይ ደግሞ ጭራሽ ተሸነፈ። ይህ የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ አኒሜሽን ነው፤ ብሌንደር በሚባል ማንም በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ተሠርቶ በ2025 እ.ኤ.አ. የአኒሜሽን ኦስካርን ወሰደ። አንዲት ድመት፣ አንድ ጎርፍ፣ አንዲት ጀልባ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አይናገርም፤ ሰው የሚባልም የለበትም። ወዳጄ በአማርኛ ተተርጉሞ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው።

የሀገራችንን ፊልም በተመለከተ ግን አቋሙ የጸና ነው፤ አያይም። «ሁሉም አንድ ነው፤ ቪላ፣ ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ» ይላል። ሐሰት ነው አልልም። ያንን ቪላ እኔም ስላየሁት የሳሎኑን መጋረጃ በሕልሜ አውቀዋለሁ። ግን «ሁሉም» የምትለዋን ቃል ለመናገር ሁሉንም ማየት ያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲወስድ ውስጡ ቪላ አልነበረም። «ስለ ደርግ ነው አሉኝ፤ ደርግን ደግሞ አውቀዋለሁ» ብሎ ወዳጄ አለፈው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ላይ ሲታይ፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። እናቱን ያጣ ልጅና በጉ ናቸው ታሪኩ። ወዳጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «በጉ ይታረዳል አይታረድም?» አልነገርኩትም፤ ለእናንተም አልነግራችሁም።

«ፋያ ዳዪ» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ስለ ሐረርና ስለ ጫት፣ እንደ ሕልም እየተንሳፈፈ የሚሄድ ፊልም ሠርታ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ አሳየች። ጥቁርና ነጭ ነው። ወዳጄ ለአንድ ጊዜ ልቡ ራርቶ ሊያይ ተነሳ፤ ሆኖም «ከለሩ አልወረደልኝም» ብሎ ፋይሉን አጠፋው። እንደገና አወረደው። ሦስተኛም አወረደው። ከዚያ ኢንተርኔት አቅራቢውን ሰድቦ ተወው። ፊልሙን ግን አልሰደበም፤ ይህን ላመሰግንለት ይገባል።

እኔስ? እኔ ትኬት ቆርጬ የምገባ፣ ማብቂያው ላይ የሠራተኞቹ ስም ሲወርድ የምቀመጥ፣ ጥበቃው «ወንድሜ፣ አልቋል» የሚለኝ ሰው ነኝ። በዚህም ምክንያት በጠረጴዛችን ላይ የመናገር መብቴን አጥቻለሁ። «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «መጀመሪያው ትንሽ ይጎትታል፤ ግን ያ መጎተት ኋላ ላይ፣ ሴትየዋ ደብዳቤውን ስታነብ…» ብዬ ስጀምር ሰዉ ስልኩን ያወጣል። ያየ ሰው ይንተባተባል። ያላየው ግን አንደበቱ እንደ ምላጭ ነው፤ የሚያደናቅፈው ትዕይንት የለማ!

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት። ፖስተሩን ከታክሲ መስኮት ብቻ ያየሁትን አንድ ፊልም ጠቅሼ፣ «ቀሽም ነው፤ መጨረሻው ይታወቃል» አልኩ። ጠረጴዛው ወደ እኔ ዞረ። አንዱ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ሌላው ከፍቅረኛው ጋር ሊያይ የያዘውን ቀጠሮ እዚያው ሰረዘ። ወዳጄ ማኪያቶዬን ከፈለልኝ። በዓመታት ውስጥ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም፤ ደስ እንዳለኝም አልክድም።

ያ ደስታ ሳይበርድ ሌላ ርዕስ ተነሳ። ኖላን የሆሜርን «ኦዲሲ» ወደ ፊልም ሊቀይር መሆኑ የተሰማ ጊዜ፣ ገና አንድ ካሜራ ሳይተከል፣ ወዳጄ «ሰውዬው ወርዷል» ብሎ ፈርዶ ነበር። ፍርዱ አሁንም እንደጸና ነው። ታሪኩን በአጭሩ ነገርኩት፤ ከትሮይ ጦርነት ወደ ቤቱ ለመመለስ አሥር ዓመት የፈጀበት ሰው ነው አልኩት።

«አሥር ዓመት መንገድ ላይ? ይኼ ምኑ ፊልም ነው፣ ማታ ማታ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቁም!» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ለመሆኑ ይኼ ሆሜር የምትለው ልጅ ከዚህ በፊት ምን ሠርቷል?» አለኝ።

«ኢሊያድን» አልኩት።

የማኪያቶውን አረፋ በማንኪያ ጠረገ።

«እሱንም አላየሁትም» አለ፤ «ግን ይሻላል።»