ጀርባዋን የሰጠችን መርከብ

ጣና የማን ነው ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ የእኛም ነው። ጉማራ ከጉና ሥር ተነሥቶ፣ በወንዛዬ ፍል ውኃ በኩል አልፎ፣ ፎገራን አቋርጦ የሚገባው ጣና ነው። ርብም እንደዚያው። ከደብረ ታቦር ወርጄ ወንዛዬ ጉልበቴን ስነክር ከገላዬ የታጠበው እድፍ ሁሉ በጉማራ አድርጎ ሐይቁ ይገባል። እንግዲህ እድፌ ጣና ላይ ስንት ዘመን ሲንሳፈፍ ኖሯል፤ ባለቤቱ ግን አንድ ቀን መርከብ ጠብቆ ከገዛ ዳሩ አልተሳፈረም። ይኼ ፍርድ ነው?

መርከቧን ነው የምከሳት። ጣልያን በወረራው ዘመን ጎርጎራን የጀልባ ቤት አድርጎ ናቪጋታና የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ እሱ ከተባረረ በኋላ ሥራው ውሎ አድሮ በእኛው እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተቀያየረ፣ እኔ የማውቀው የመርከቧ መንገድ ግን ፍንክች አላለም። እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ትነሣ፣ ደቅ ደሴት ትቆም፣ ኩንዝላ ታድር፣ ሰኞ በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ሰውም እህልም ዶሮም አብሮ ይሄድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ግራ ግራውን! ቀኙን ዞር ብላ አላየችም። ቀኙ ደግሞ እኛ ነን፤ ደራ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም።

ይኼን ስል የተማረው አማቼ ይስቅብኛል። «እናንተ እኮ መንገድ አላችሁ፤ ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚገባ። በዚያ ማዶ ላለው ሰው መርከቧ አውቶቡሱ ነበረች፤ በሽተኛው የሚታከመው፣ ነጋዴው የሚነግደው በሷ ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እውነት ሲናገር ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። መንገድ አለው ተብሎ ሰው ሐይቁን ይነጠቃል? ደግሞስ መንገድ ማለት ምን ማለት ነው? በአሥራ ሁለት ሰው ወንበር ሃያ ሰው ጠቅጥቆ፣ የዘንድሮ ረዳት «አባባ ጠጋ ይበሉ» እያለ ጎኔን በክርኑ የሚወጋበት ነው። ወዴት ልጠጋ? ሹፌሩ ጭን ላይ?

ታሪክ ካነሣችሁ ደግሞ በጣና ላይ መርከብ ያሰበው የእኛው ንጉሥ ነው። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ መልእክተኞቹን እነ ራሳምንና ዶክተር ብላንክን በእኛው ዳር ቆራጣ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከወዲያ ማዶ ዘጌ ሰፍረው ሳሉ የእንፋሎት መርከብ አማራቸው። ሞተር የለ፣ መሐንዲስ የለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ታንኳ የሚታሰርበትን ደንገል ደራርበው ግዙፍ ጀልባ አሠሩ፤ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ገጠሙላት። በእንፋሎት ፋንታ የወታደር ክንድ! ፈረንጆቹ አይተው በየመጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ እየሣቁም ቢሆን ጽፈውታል። ይኸው ንጉሥ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። ደብረ ታቦር ከባድ ነገር በመጎተት አትታማም።

ለዚህ ነው የልጅ ልጄ ባለፈው ስልኩን አምጥቶ «አባባ፣ ይቺን ይዩማ» ሲለኝ ያልደነገጥኩት። መርከብ በአስፋልት ላይ ትሄዳለች! ጣናነሽ 2 ናት አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ፣ በረጅም ተሽከርካሪ ላይ ተኝታ፣ በረሃውን አቋርጣ ዳገቱን ወጥታ ስትመጣ ወራት ፈጀባት። ሕዝቡ በየከተማው እየወጣ አጨበጨበላት። እኔ በልቤ ምን አልኩ? ይቺ መርከብ በየብስ ያየችውን አገር ያህል በውኃ ላይ ብታይ ኖሮ እኛም ጋ በደረሰች ነበር። በውኃ የምትሄደው በደረቅ መጣች፤ በደረቅ የምንሄደው ደግሞ ክረምት ፎገራ በጎርፍ ሲሞላ ታንኳ እንፈልጋለን።

ስለ ታንኳ ክፉ አልናገርም። ወይጦዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው የሚሠሩት ነው፤ ነዳጅ አይል፣ መለዋወጫ አይል። ሥራውን ሲጨርስ ውኃ የጠጣ ሆዱ እስኪደርቅ ዳር ላይ ተገትሮ ፀሐይ ይሞቃል፤ ልክ እንደ እኔ። ልዩነታችን እሱ ሲደርቅ ይቀለዋል። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፣ ውኃውም ለመብራት ተለቆ ሐይቁ ሲጎድል ትልልቆቹ መርከቦች አራት ወር ያህል ቆሙ። መርከብ ጣና ላይ ውኃ አጣ! ታንኳ ግን ስንዝር ውኃ ይበቃዋል።

ወደ እኛ ዳር ሳይጠራ የመጣ፣ ቲኬት ያልቆረጠ፣ ቀጠሮ ያላዛነፈ አንድ ተሳፋሪ ብቻ አለ፤ እምቦጭ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰሜኑንና ምሥራቁን ዳር መርጦ ተኛበት። ጎረምሳው ሁሉ ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ ነቀለው፣ እሱ መልሶ በቀለ። መርከብ ብትመላለስበት ኖሮ ይኼን ያህል ተዝናንቶ ይተኛ ነበር? የባለሙያ ነገር አላውቅም፤ ሰው ያልረገጠው ደጅ አረም እንደሚወርሰው ግን አውቃለሁ።

ሌላው አገር እንዴት እንደሚሠራ እዩ፤ የኬንያዋ ሞምባሳ ላይ ሊኮኒ በሚባል ቦታ መኪናና ሰው ባንድነት ጭኖ ከዳር ዳር የሚያመላልስ ጀልባ ቀን ከሌት ይሠራል። እኛ ጋ የፎገራ ሩዝ ነጋዴ ኩንዝላ መድረስ ቢፈልግ በባሕር ዳር ዞሮ ግማሹን ሐይቅ መክበብ አለበት፤ ዕቃው በመካከል ሁለቴ ይወርዳል፣ ሁለቴ ይጫናል፣ የጫኝ አውራጅ ጠብ አያድርስ ነው።

የሚመለከታችሁ ሆይ፣ ብዙ አልጠይቅም። ቆራጣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለበት፣ ዱሮ ነጋዴ የሚጎርፍበት ዳር ነው፤ ወደብ ሥሩለት። ጣናነሽ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ወደ ቀኝ ትታጠፍ። የምትነሣበትን ሰዓት በትልቁ ጻፉና ለጥፉ፤ ዓይኔ ደክሟል። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው። ረዳቱንም «አባባ ጠጋ ይበሉ» እንዳይለኝ ከአሁኑ ምከሩልኝ።