ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት

እድሩ በተረፈው ገንዘብ ምን ይግዛ? ሲሶው አባል ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት ብሎ በቅደም ተከተል መረጠ፤ ሲሶው ወንበር፣ ድስት፣ ድንኳን፤ ሲሶው ድስት፣ ድንኳን፣ ወንበር። ሁለት ሁለቱ ሲፎካከሩ ድንኳን ወንበርን፣ ወንበር ድስትን፣ ድስት ደግሞ ድንኳንን ይረታል። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ይህን አዙሪት በ1785 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። አሜሪካዊው ኬኔት አሮው በ1951 የባሰውን አመጣ፦ አማራጩ ከሁለት ሲበልጥ፣ እሱ የዘረዘራቸውን ሌሎች መስፈርቶች ሁሉ የሚያሟላው አንድ ፈላጭ ቆራጭ ያለበት ደንብ ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ሁለቱንም አላነበቡም። ድስት ስለፈለጉ ግን «በመጀመሪያ ድንኳንና ወንበርን እንለይ» አሉ። ድንኳን አለፈ፤ ቀጥሎ በድስት ተረታ። ቃለ ጉባኤው «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ አልዋሸም። እናም ወገኖቼ፣ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የአጀንዳውን ተራ ማን እንደጻፈው ጠይቁ።