ቤቷ በትከሻ ላይ ሳለ

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ፣ እንስሳት እንደ ሰው ቤት ይሠሩ በነበረበት ዘመን ነው አሉ። ቤታቸው ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የዝሆን ፊት መስሎ ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት ያጥራል። ሲብስ ጎረቤት ተጠራርቶ በትከሻው ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል።

ቆጮው ግን አብሮ አይጓዝም። የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ቤቱ ቢሄድም ቢፈርስም ጉድጓዱ እዚያው ነው።

የጥንቶቹ በየጉድጓዳቸው አፍ ምልክት ይተክሉ ነበር። ልጆቻቸው ሰነፉ፤ «ቤቴ እያለ ጉድጓዴ የት ይጠፋኛል?» አሉ። (ኮንቴይነር የሚያስነሱ የኮምፒውተር ልጆች ይህን በሽታ ያውቁታል። ዳታ የሚቀመጥበትን ቮልዩም ስም ካልሰጡት ዶከር የተባለው ፕሮግራም ራሱ 64 ፊደልና አኃዝ ደርድሮ ይሰይመዋል፤ ኮንቴይነሩ ከጠፋ በኋላ የማን ዳታ እንደነበር ከዚያ ስም ማን ያነባል?)

ቤቶቹ ሲዞሩ ጉድጓዶቹ እየቀሩ መንደሩ የሚቆፈር መሬት አጣ። ሹሙ ዝንጀሮ ወደ መሰብሰቢያው አደባባይ፣ ወደ ዱቡሻ ወጥቶ ዐዋጅ አስነገረ፦ «ምልክት የሌለው፣ አጠገቡም ቤት የሌለው ጉድጓድ ባለቤት የለውም። ይጽዳ!»

ጅብ እጁን አወጣ። ደመወዝ እንኳ አልጠየቀም።

ኤሊ ብቻ «እስቲ መጀመሪያ ይጠየቅ» አለች። ሥራ ታጓትታለች ተባለች።

በዚያ ቀን የሚዳቋ ቤት ምስጥ ሸሽቶ ከጉድጓዷ ወዲያ ወዳለው ጥግ ሊዞር በጎረቤት ትከሻ ላይ ነበር። መካከሉ ገደል ነውና ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሲመሽ አሳረፉት፤ በሩንም ወደ ጉድጓዱ አዞሩት። ጉድጓዱ ተጠርጎ፣ ተልሶም ቆያት።

ዝንጀሮ ሊጎበኝ መጣ። «ቤትሽ ግን እንዴት ያምራል! አንዲት ምስጥ እንኳ የለችበትም» አላት።

ሚዳቋ እርጥብ ሣር በአፏ ይዛ ዱቡሻ ወጣች። በጋሞ ሣር ይዞ የለመነ አይታለፍምና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እንዲህም ወሰኑ፦ ጉድጓድ ሁሉ ምልክት ይተከልበት፤ ከባለቤቱ ሌላ ሁለት ጎረቤት ቦታውን ይወቅ፤ መንገድ ላይ ያለው ቤት ሳይቆጠር ማንም ጉድጓድ አይክፈት።

ግሩም ውሳኔ ነበር። የቀረው፣ ነባሮቹ ጉድጓዶች የት የት እንደሆኑ የሚያሳይ መፈለግ ነው። ዝንጀሮ አያውቅም፤ ባለቤቶቹም ረስተዋል። አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያውቃቸው አንድ ብቻ ተገኘ፤ ምልክት ተከላውን እንዲመራም ጅብ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።